ፎቶው ጠርዝ ላይ የተቀመጡት አባት

አንድ የአሻንጉሊት ፊልም የሚሠራ ሰው ነበር፤ ስሙ ወንድይፍራው። አሻንጉሊት ስላልኳችሁ ሥራውን እንዳትንቁበት። መኪና የነበረው ነገር በሮቹን ዘርግቶ፣ ጎማዎቹን ወደ ትከሻው ሰብስቦ፣ ቀጥ ብሎ የሚቆም ሮቦት ሲሆን ያየ ልጅ ሁሉ አፉን ከፍቶ ነው የሚቀረው። ወንድይፍራው እነዚህን ሮቦቶች በስልኩ ካሜራ ነፍስ ይዘራባቸው ነበር። የሮቦቱን ክንድ ትንሽ ያዞርና ፎቶ ያነሳል፤ ደግሞ ትንሽ ያዞርና ያነሳል። ፎቶዎቹ ተከታትለው ሲሮጡ ግዑዙ ነገር በራሱ የሚንቀሳቀስ ይመስላል። ለጥቂት ሰከንድ ፊልም ሙሉ ቀን ይሄዳል፤ መቼም ትዕግሥቱን አለማድነቅ አይቻልም።

ታዲያ ይህ ሥራ ጠላቱ ብዙ ነው። ደመና ሲመጣ ብርሃኑ ይለወጣል፤ ሰው ሲራመድ ጠረጴዛው ይነቃነቃል። የወንድይፍራው ቤት ደግሞ ወለሉ የጣውላ ነው። አባቱ ጋሽ ደምሰው ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከእሱ ጋር ይኖራሉ፤ ቀኑን የሚያሳልፉት እዚያው ክፍል ውስጥ፣ መስኮቱ አጠገብ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ልጅየው አዲሱን ፊልም ሲጀምር መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረደው፣ አምፖል አበራ፣ የአባቱንም ወንበር ወደ ጥግ ገፋው።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ስሠራ ከወንበሩ እንዳይነሱብኝ። አንዴ ወለሉ ከተንቀጠቀጠ የቀኑ ድካሜ ገደል ገባ ማለት ነው።»

«እኔ ምን ቸገረኝ ልጄ፣ አንተ ብቻ ይቅናህ» አሉ አባት። ደግ ሰው ነበሩ፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ ደግነታቸው ነው የጎዳቸው።

ካሜራው ሰፋ አድርጎ ስለሚያነሳ አባትየው ፎቶው ጠርዝ ላይ ይገቡ ነበር። ወንድይፍራው ይህን አይቶታል፤ ግን ምንም አልመሰለውም። ፊልሙ ሲያልቅ ጠርዙን ቆርጦ መጣል ነው፣ ሌላ ምን አለው?

ሳምንታት አለፉ። መኪናው ሮቦት ወደ መሆን ተጠግቶ መንበርከክ ጀመረ። አንድ ቀን ጋሽ ደምሰው ጎናቸውን ይዘው፣ «ልጄ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነበር» አሉ።

«እሺ አባባ፣ ይቺን ክንድ ብቻ ላዙርና።»

ክንዱን አዞረ። ክንዱ ሲያልቅ ጉልበቱ መጣ፤ ከጉልበቱ በኋላ አንገቱ ነበር። አመሻሹ ላይ ወገቡን እያሸ ቀና አለና «ምን ነበር ያሉኝ?» ሲል ጠየቃቸው።

«ተወው፣ ቀላል ነገር ነው።»

እሱም ተወው! እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ለፕላስቲክ ጣት ያን ሁሉ ጊዜ የሚያጠፋ ሰው፣ አንዴ እንኳ «ኧረ ይንገሩኝ» ማለት አቃተው።

ለፋሲካ እህቱ የሺመቤት ከክፍለ ሀገር መጣች። በሩን ከፍታ አባቷን ስታይ የያዘችው ዘንቢል ከእጇ ወደቀ።

«በእመቤቴ! አባባን ምን ነካብኝ? አጥንታቸው ብቻ ነው እኮ የቀረው!»

ወንድይፍራው ግራ ገባው። «ምን ሆኑ? እንደ ወትሯቸው ናቸው።»

«አንተ ዐይን የለህም እንዴ? ኮታቸው ውስጥ ሌላ ሰው ይገባል እኮ!»

እየዋሸ አልነበረም፤ እውነቱን ነው። ከአባቱ ጋር ሲውል የዛሬው ፊታቸው የትናንቱን ይመስለዋል፤ የትናንቱም የከትናንት ወዲያውን። በማግስቱ ሆስፒታል ይዘዋቸው ሄዱ። ሐኪሙ ከመረመራቸው በኋላ ልጆቹን ወደ ውጭ ጠርቶ፣ «ሕመሙ የቆየ ነው፤ ቀደም ብለው መጥተው ቢሆን ኖሮ የምናደርገው ነገር ነበር» አላቸው። አባት ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ፊልሙ አለቀ። ጠርዙ ተቆረጠ፣ ያየው ሁሉ አጨበጨበ። ጋሽ ደምሰው ክረምቱ ሳይገባ አረፉ።

አርባቸው ሲደርስ የሺመቤት ፎቶግራፋቸውን አሳድጋ ቤት ውስጥ ልታስቀምጥ ፈለገች። «የቅርብ ጊዜ ፎቷቸውን ፈልግልኝ፤ ካሜራ ከእጅህ የማይጠፋው አንተ ነህ» አለችው። ስልኩን አገላበጠ። ሮቦት፣ ሮቦት፣ አሁንም ሮቦት። አብሯቸው የኖረ ልጅ፣ ሆን ብሎ ያነሳው አንድ የአባቱ ፎቶ የለውም። አፈረ። በመጨረሻ ጠርዛቸው ያልተቆረጠ የፊልሙ ፎቶዎች ትዝ አሉትና፣ ከእህቱ ጎን ተቀምጦ አከታትሎ አስኬዳቸው።

መጀመሪያ ላይ አባቱ ኮታቸውን ሞልተው፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። መኪናው በሮቹን ሲዘረጋ የእሳቸው ኮሌታ ሰፋ። ሮቦቱ ሲንበረከክ እጃቸው ወደ ጎናቸው ሄደና እዚያው ቀረ። ሮቦቱ አንገቱን ሲያቀና የእሳቸው አንገት ግድግዳው ላይ ተደገፈ። በየቀኑ አጠገባቸው ሆኖ ያላየውን ሁሉ አሁን ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ አየው። ዐይናቸው ደግሞ አሻንጉሊቱን አያይም ነበር። በቀጥታ ወደ ካሜራው ነው የሚያዩት፤ ከካሜራው በስተኋላ የቆመው እሱ ነበርና።

የሺመቤት ድንገት አስቆመችው። አባቷ እጃቸውን ከፍ አድርገው፣ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ የሚታዩበት ፎቶ ነው። ወደሚቀጥለው አሳለፈችው፤ እጃቸው እንደተነሳ ነው። ደግሞ አሳለፈች፤ አሁንም እንደተነሳ ነው። ከዚያ እጁ ቀስ እያለ ወረደ።

«እዚህ ጋ ምን ሊሉህ ነበር?» አለችው።

«እንጃ» አለ ወንድይፍራው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እህቱም አላባበለችውም።

ወዳጆቼ፣ ይህ ሰው አባቱን አልጠላም፤ አላስራባቸውም፣ ብርድ አላስመታቸውም፣ ክፉ ቃልም አልተናገራቸውም። ጥፋቱ ሌላ ነው። አብሮን የሚኖረውን ሰው ሁልጊዜ ስለምናየው፣ ያየነው ይመስለናል እንጂ አናየውም። ሰው ደግሞ በአንድ ጊዜ አይጠፋም፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየቀነሰ ነው የሚሄደው። የተበላሸ ፎቶ እንደገና ይነሳል። ጋሽ ደምሰው ግን ያን ዕለት ሊናገሩት የነበረውን ቃል ይዘውት ሄደዋል፤ ልጃቸው ዕድሜውን ሙሉ ቢገምት አያገኘውም።

እስቲ ለራሳችሁ መልሱ፦ ቤታችሁ ውስጥ ያለውን ሰው ፊቱን አትኩራችሁ ያያችሁት መቼ ነው?