በመቀስ የምትበላዋ አይጥ

በእኛ በመንዝ አገር ሰው ለታይታ ብሎ የጓዳውን ሲያጎድል፣ ሽማግሌዎች አንዲት አጭር ተረት ጣል አድርገው ዝም ይላሉ። ሰሚው ይስቃል፤ የተተረተበትም ሰው አብሮ ከመሳቅ በቀር መውጫ የለውም። ብዙ ሰው ተረቷ እንዲያው ለጨዋታ ማሳመሪያ የመጣች ይመስለዋል እንጂ ሁለት ምስኪን ባሎች የተንቀጠቀጡባት መሆኗን አያውቅም። እኔ እንደ ሰማሁት ነገሩ እንዲህ ነው።

ይርገዱና ማንጠግቦሽ በአንድ የድንጋይ ካብ የሚለያዩ ጎረቤቶች ነበሩ። ማንጠግቦሽ የይርገዱን ልጅ ክርስትና ስላነሳች «አበልጄ» ይባባላሉ። ሁለቱም በእጅ ሥራቸው የተመሰገኑ ናቸው። ይርገዱ መርፌ ከያዘች ቀዳዳው የት እንደ ነበረ ባለቤቱም አያገኘው፤ ማንጠግቦሽ ደግሞ ወስፌና አለላ ይዛ ከተቀመጠች የምትሰፋው ሞሰብ የገበያ ሰው ያስቆማል። ታዲያ ሁለቱም ይህን ስለ ራሳቸው ያውቃሉ። ችግሩም እሱው ነበር።

አንድ ቀን ልጆቻቸው ብርዛፍና ትርንጎ ከእንጨትና ከቡትቶ ሁለት አሻንጉሊቶች ሠሩ። የይርገዱ ልጅ የብርዛፍ አሻንጉሊት ሴት፣ የማንጠግቦሽ ልጅ የትርንጎ ደግሞ ወንድ ሆነና «እንዳራቸው» ተባባሉ።

ይርገዱ ሙሽራይቱን ብታያት የለበሰችው የድስት ማውጫ ጨርቅ ነው።

«ውይ! ከእኔ ቤት ወጥታ በዚህ ትዳር?» አለችና ጣት የምታህል ቀሚስ ሰፋችላት። እጅጌ አላት፣ መቀነት አላት፣ አንገቷ ላይ ጥልፍ ወርዶባታል። ብርዛፍ ሙሽራዋን ይዛ ለትርንጎ ልታሳይ ካቡን ስትሻገር ማንጠግቦሽ አየቻት።

«ይህን ማን ሰፋው?»

«እማዬ።»

«አሃ» አለች ማንጠግቦሽ። «ሙሽራችን ታዲያ ራቁቱን ሊቆም ነው?»

የዚያን ዕለት የባሏ የወንድይራድ ጃንጥላ ጨርቁ ከሽቦው ተለየ። በማግስቱ ሙሽራው ጠርዙ በቢጫ ክር የተዘመዘመ ጥቁር ካባ ደርቦ ካቡ ላይ ቆሞ ታየ።

ይርገዱ ካባውን አገላብጣ አየችው። «ስፌቱስ ደግ ነው፤ ብቻ የእኔ ሙሽራ መሬት ላይ አትተኛም» አለች። ቤቷ ገብታ የባሏን የጥላዬን በርጩማ አንድ እግር ነቀለችና በቢላዋ ቀርፋ የጠፍር አልጋ ሠራች። ጠፍሩ የጥላዬ ቀበቶ ነበር።

ማንጠግቦሽ አልጋውን ስታይ ሌሎቹን ሥራዎች ሁሉ ተወች። አውራ ጣት የምታህል ሞሰብ ከነክዳኗ ሰፋች። ለአልጋው ድርብ ጋቢ፣ ለሙሽራው የዝንብ ጭራ አበጀች። ይርገዱ ትራስ ጨመረች፤ ማንጠግቦሽ የበቅሎ ኮርቻ ሠራች። ልጆቹ ሊጫወቱ ሲመጡ «እጃችሁ ያቆሽሸዋል፣ ወዲያ በሉ!» ይሏቸዋል። ብርዛፍና ትርንጎ ተያዩና ወንዝ ወርደው በጭቃ ሌሎች ሁለት ሙሽሮች ያድበለብሉ ጀመር። እናቶቻቸው ልጆቹ መሄዳቸውንም ልብ አላሉ።

የአሻንጉሊቶቹ ሰርግ ለእሑድ ተቆረጠ። ለዚያው እሑድ ግን የምር ጉዳይ ነበር። ጥላዬ ታናሽ ወንድሙን ሊድር፣ እሱና ወንድይራድ ከአገሩ ሽማግሌ ከአባ ሳህሉ ጋር ሆነው ወንዝ ማዶ ከባላምባራስ ደርሰህ ቤት ሄደው ልጃቸውን ሊለምኑ ተቀጥረዋል። ባላምባራስ ሰውን ገና ከበር ሲገባ በአለባበሱ የሚመዝኑ ኮስታራ ናቸው፤ ከዚህ በፊት የመጣ ጠያቂ «ጫማው ጭቃ ነው» ብለው መልሰዋል። ወንድምየው ደግሞ ልጅቱን ከልቡ ወዷት እህል አልበላ ብሎት ከስቷል።

እሑድ ጠዋት ጥላዬ ሳጥኑን ከፈተ። ለዚች ቀን ብሎ ያስቀመጠው ኩታ አለ። ጥለቱ ግን በወዲህም በወዲያም የለም፤ የተረፈው ትከሻ እንኳ አይሸፍንም።

«ይርገዱ! ይህን ምን በላው?»

«አይጥ ትሆናለቻ።»

«አይጥ በመቀስ ነው የምትበላው?»

ይርገዱ ቀና ብላ ጣራ ጣራውን አየች። ጥላዬ በንዴት በርጩማው ላይ ዘፍ ቢል በርጩማው ይዞት ተገለበጠ። ተነሥቶ ሱሪውን ሊያጠብቅ ቀበቶውን ቢፈልግ እሱም የለም።

«ግድ የለም፣ የወንድይራድን ጋቢ እዋሳለሁ» አለና ሱሪውን በአንድ እጁ ጨብጦ፣ የሚስቱን ነጠላ ተከናንቦ ወጣ። ካቡ ዘንድ ሲደርስ ወንድይራድ የመኝታ አጎዛውን በትከሻው ጣል አድርጎ፣ ሽቦው ብቻ የቀረ ጃንጥላ ይዞ ከወዲያ በኩል መጣ።

«ጋቢህን አውሰኝ ልልህ ነበር» አለ ጥላዬ።

«እኔስ ኩታህን ልለምን አይደል የመጣሁት!»

ተፋጠጡ።

«ያንተንም አይጥ በላችው?»

«የእኔን ጋቢ ብል በላው፣ ጃንጥላውን ነፋስ ገፈፈው አለችኝ» አለ ወንድይራድ።

ይህን ሲባባሉ አባ ሳህሉ በበቅሎ ደረሱ። «ምነው ልጆቼ፣ ረፈደ እኮ…» ብለው ሳይጨርሱ ከካቡ ጥግ ጭቅጭቅ ሰሙ። ሦስቱም ሄደው ቢያዩ፣ ይርገዱና ማንጠግቦሽ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ የሰርግ ቤት ዘርግተው ይነታረካሉ።

«ሙሽራው መጥቶ ይውሰዳት እንጂ እሷ አትነሳም!»

«ከነካባው ካብ ሊዘል ነው? ጨዋ ሰው እኮ ነው!»

ጥላዬ የኩታውን ጥለት ሙሽራዋ ትከሻ ላይ አገኘው። ወንድይራድም ጋቢውን አልጋው ላይ ተነጥፎ አየው። ባሎቹ አፋቸውን ሳይከፍቱ አባ ሳህሉ ከበቅሎ ወረዱና ሁለቱን ሙሽሮች አፈፍ አድርገው ብብታቸው ውስጥ ከተቱ።

«ኧረ ቀስ ይበሉ አባ፣ ካባው ይጨማደዳል!» ብላ ጮኸች ማንጠግቦሽ። ይርገዱ ግን ባሏ ሱሪውን ጨብጦ መቆሙን ገና አሁን አየችና ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«በሉ እንሂድ» አሉ አባ ሳህሉ።

«እንዲህ ሆነን?»

«ዛሬ ከቀረን ሁለተኛ ደጃቸውን አያስረግጡንም። ተከተሉኝ።»

ባላምባራስ ደርሰህ የመጡትን ሰዎች ከራስ እስከ እግር አዩአቸው። አንዱ የሴት ነጠላ ለብሶ ሱሪውን ይዟል፤ ሁለተኛው አጎዛ ደርቦ ሽቦ ይዟል።

«ሽፍታ ገፏችሁ ነው?» አሉ ባላምባራስ። «ወይስ የልጁ ወገን እንዲህ የተቸገረ ነው? ልጄን ወስዳችሁ ልታስርቡብኝ?»

ጥላዬ የወንድሙ የከሳ ፊት ታየውና ነጠላውን ወደ ታች ስቦ ሱሪውን ሊሸፍን ሞከረ። አባ ሳህሉ ሙሽሮቹን ከብብታቸው አውጥተው መደቡ ላይ አቆሟቸው። ሙሽራው ካባ ደርቦ ጭራ ይዟል፤ ሙሽራዋ ባለ ጥለት ኩታ ተጎናጽፋለች።

ባላምባራስ ጎንበስ ብለው አዩ። ከዚያ ወንድይራድን አዩ። ደግሞ ተመልሰው ሙሽራውን አዩ።

«ይህ ካባ… ይህ የያዝከው ሽቦ ጃንጥላ ነበር?»

«አዎን ጌታዬ» አለ ወንድይራድ በቀጭን ድምፅ። «እናቶቻቸው ናቸው… ማለቴ ሚስቶቻችን።»

ከጓዳ በር ቆመው ያዳምጡ የነበሩት የባላምባራስ ባለቤት በሳቅ ፈነዱ፤ እስኪደክማቸው ስቀው ምሰሶውን ተደገፉ። ቀረብ ብለው የሙሽራዋን ቀሚስ ገልበጥ አደረጉና «ኧረ ስፌቱን እዩልኝ! እንዲህ ያለ እጅ ካለበት ቤት ልጄ ብትገባ እኔስ አልጠላም» አሉ። ባላምባራስ ሳቃቸውን ለመዋጥ ሲታገሉ ጢማቸው ተንቀጠቀጠ፤ በመጨረሻ ተሸነፉ።

«በሉ ቁጭ በሉ፤ ልጅቱን ሰጥቻለሁ» አሉ ዕንባቸውን እየጠረጉ። «ብቻ እባክዎ አባ ሳህሉ፣ ይህ ምን የሚሉት ነገር ነው?»

አባ ሳህሉ ሁለቱን ባሎች በጎን አየት አድርገው መለሱ፦ «ምን ይደረግ ጌታዬ፤ አሻንጉሊት ሊዳር፣ ባል በብርድ ይደር!»