ከአልጋ ሥር የቆየው አዲስ ፊት

ወንድሙ የሞተበት አንድ ሰው ነበረ። ድንኳኑ ፈርሶ፣ ዘመድ ወደየቤቱ ተበትኖ፣ ግቢው ጭር ሲል ለሰውየው ከወንድሙ የቀረችለት አንዲት አሮጌ አውቶሞቢል ነበረች። እሷም ፊት አልነበራትም።

ፊት አልነበራትም ስልሽ እንዲያ አትዪኝ፤ ታገሺኝ፣ እደርስበታለሁ። «ልጄ እሑድ ልትዳር ነው፤ ጥቁሬን አውልቄ ሠርጓ ላይ ብቀመጥ ባሌን የረሳሁት አይሆንም ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። አይሆንም ብዬ በአንድ ቃል ብሸኝሽ ገና ከበሩ ሳትወጪ ትጥይዋለሽ፤ አውቅሻለሁ። ስለዚህ ነጠላሽን ሰብሰብ አድርገሽ ተቀመጪና የዚህን ሰው ነገር ስሚኝ።

ሟቹ ታላቅየው ሾፌር ነበር። አባታቸው ቶሎ ስለሞተ ቤቱን የተሸከመው እሱ ነው። ያቺን አውቶሞቢል እየነዳ፣ ሰው እያመላለሰ፣ እናቱን ጦረ፣ ታናሽ ወንድሙን አስተማረ፣ ለወግ ማዕረግ አበቃ። እናትየው ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴት ነበሩ፤ ከቤታቸው እስከ አስፋልቱ እንኳ መራመድ ያቅታቸዋል። እሑድ እሑድ ጠዋት ታላቅየው ደግፎ ከኋላ ወንበር ያስቀምጣቸውና ቤተ ክርስቲያን ያደርሳቸዋል፤ በመልሱ እህታቸው ቤት ጎራ ያደርጋቸዋል። ሳምንቱን ሙሉ የሚጠብቁት ይህንን ነበር።

አሁን ስለ ፊቷ ልንገርሽ። መኪና ሠሪዎች አንድ ዘዴ አላቸው። ሞተሩን ሳይነኩ፣ ወንበሩን ሳይነኩ፣ ጥቂት ዓመታት ቆይተው የዚያኑ መኪና ፊትና ኋላ ብቻ ይለውጡና «አዲሱ ሞዴል ወጣ» ይላሉ። መብራቱ ቀጠን ይላል፤ ከፊት ለፊት ግጭት የሚቀበለው ፓራውልት ሰፋ ይላል፤ የሞተሩ ክዳን፣ ኮፈኑ፣ አዲስ መስመር ያወጣል። የቀድሞውን የያዘ ሰው ደስ ካለው የአዲሱን ዕቃ ገዝቶ በአሮጌዋ ላይ ያስገጥማል። ታላቅየው ይህ እንደሚቻል የሰማ ቀን እንቅልፍ አልወሰደውም።

በአንድ ጊዜ መግዛት አቅሙ ስላልነበረ አንድ በአንድ ለቀመው። ዛሬ የግራውን መብራት ይዞ ይገባል፤ ከርሞ የቀኙን። ማስቀመጫ ስላልነበረው ሁሉንም በጆንያ እየጠቀለለ እናቱ አልጋ ሥር ከተተው። እናትየው በተነሡ በተቀመጡ ቁጥር እግራቸው ስለሚመታ፣ «ይሄ ልጅ ጋራዥ ውስጥ አስተኛኝ እኮ!» እያሉ ያማርሩ ነበር። የሠፈሩ ሾፌሮችም አልማሩትም። «ሞተሯ የአሮጊት፣ ፊቷ የኮረዳ! ማንን ልታታልልባት ነው?» ይሉታል።

እሱ ይስቃል። «ማንንም አላታልልም። ቤቴን ያቆመችው እሷ ናት። እኔን ሰው ስታደርግ እሷ አረጀች። አንድ ጊዜ እንኳ አምሮባት ልያት ብዬ ነው» ይላቸዋል። ገባሽ? ሰውየው ምስጋናውን ነበር የሚያጠራቅመው። ልጅ ደመወዝ ሲይዝ ለእናቱ ቀሚስ እንደሚገዛው ማለት ነው።

ዕቃው ሞላ። የመኪና ቆርቆሮ የሚያቃናው ባትላሜራ ዘንድ ሄደና አሮጌውን ፊት በገዛ እጁ ፈታው። መብራቶቹን ነቀለ፣ ፓራውልቱን አወረደ፣ ኮፈኑን አነሣ፣ ከፊት ጎማዎቹ በላይ ያሉትን ፓራፋንጎዎች ፈታ። አዲሱ በማግስቱ ሊገጠም ተቀጠረ። ያን ዕለት ማምሻውን ታላቅየው ደረቴን አለ፤ ተኛ፤ አልተነሣም።

ታናሽየው መኪናዋን የወረሳት እንዲህ ሆና ነው። አሮጌው ወልቆላታል፣ አዲሱ አልገባላትም።

በገመድ አስጎትቶ ግቢው ውስጥ አስገባትና ሸራ አለበሳት። ከባትላሜራው ቤት የተፈታውን አሮጌ ፊት ለቃቅሞ አመጣ። የተላጠውን ፓራውልት ሳሎን ውስጥ ከወንድሙ ፎቶግራፍ በታች ሰቀለው። በፀሐይ ብዛት ቢጫ የሆኑትን መብራቶች ቁም ሣጥኑ ላይ ደረደራቸው። ለቅሶ ሊደርስ የሚመጣ እንግዳ ያንን እያየ ምን እንደሚል ግራ ይገባው ነበር።

ሰውየው ግን ምክንያት ነበረው። ልጅ ሳለ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ወንድሙን ሲጠብቅ፣ ከመኪናው ሁሉ መካከል ለይቶ የሚያውቀው ያንን ፊት ነበር። ያ ፊት ከመታጠፊያው ብቅ ሲል ሆዱ ይሞላል፤ ወንድሜ መጣ ማለት ነው። ያ ፊት ከጠፋ ወንድሜን የማውቅበት ምን ይቀረኛል ብሎ ፈራ። ፍርሃቱ ይኸው ነበር፤ ለማንም ግን አልተናገረውም።

ስለዚህ አሮጌውን ፊት መልሼ አስገጥማለሁ ብሎ ተነሣ። አልሆነም። ፓራውልቱ ሲፈታ ተሰንጥቋል፤ ኮፈኑ ውስጥ ውስጡን በዝገት ተበልቷል። ባትላሜራው አገላብጦ አየውና፣ «ይሄ ብሎን አይዝም፤ ወንድምህ የሰበሰበውን አምጣልኝና እሱን ልግጠምልህ» አለው። ሰውየው ተቆጥቶ ወጣ። ሌላ ባትላሜራ ጠየቀ፤ ሌላም ጠየቀ። ሁሉም ያንኑ ሲሉት ሁሉንም ተቀየማቸው። ዓመቱ ዞረ። የመኪናዋ ጎማ ተንፍሶ መሬት ነካ፤ ድመት ሞተሩ ላይ ገብታ ወለደች።

እናትየውስ? ቤት ዋሉ። እሑድ ሲሆን ነጠላቸውን ለብሰው በሩ ላይ ይቀመጡና ቅዳሴውን ከሩቅ በድምፅ ማጉያ ያዳምጣሉ፤ ሲያልቅ ተመልሰው ይገባሉ። ስለ መኪናዋ ቢያነሡ ልጃቸው እንደሚያለቅስ ስለሚያውቁ አያነሡም። አልፎ አልፎ «ታክሲ ልጥራልሽ?» ሲላቸው «ተወው የኔ ልጅ፣ ደህና ነኝ» ይሉታል። ደህና አልነበሩም። እሱም አላያቸውም። ክፋት ኖሮበት አይደለም፤ የሞተውን ሲያይ በሕይወት ያሉት ተሰወሩበት እንጂ።

አንድ እሑድ ጠዋት ሰውየው ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ሲመለስ እናቱን ግቢው ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። ከአልጋቸው ሥር የነበረውን ዕቃ እየጎተቱ አውጥተውታል፤ በዚያ ጉልበታቸው እንዴት እንደቻሉት እሳቸውና ፈጣሪ ያውቃሉ። ሸራውን ከመኪናዋ ላይ ገፈውታል። አንደኛውን አዲስ መብራት ጭናቸው ላይ አድርገው በነጠላቸው ጫፍ አቧራውን ይወለውሉ ነበር።

«እማዬ! ምን ሆነሻል?» ብሎ ጮኸ። «ተይው እንጂ! ይሄ እኮ የእሱ አይደለም!»

«የማን ነው ታዲያ?» አሉት። ቀና ብለው እንኳ አላዩትም፤ መወልወላቸውን ቀጠሉ። «ግድግዳዬ ላይ የሰቀልከው እሱ ፈትቶ የጣለውን ነው። ይሄንን ግን እንደ ታቦት ተሸክሞ ነው ያመጣው። ይቺን መብራት የገዛ ቀን እራት አልበላም። ‹እማዬ፣ እስቲ ይዘሻት ቁሚልኝ› ብሎኝ፣ በሩ ጋ ሄዶ ሲያያት፣ ሲስቅ፣ እንደ ሕፃን ነበር የሚያደርገው። አንተ አላየኸውም። እኔ አይቼዋለሁ።»

ሰውየው ዳቦውን እንደያዘ ቆመ።

«ልጄ የጣለውን አንሥተህ ታለቅስበታለህ፤ የወደደውን አልጋ ሥር ትተህብኛል» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ተሰበረ። «እኔም ቤተ ክርስቲያኔ ናፍቆኛል።»

ዓመት ሙሉ አፍነውት የኖሩትን እንባ ያን ጊዜ ለቀቁት። ሰውየው አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠ። የወንድሙን ትዝታ የሚጠብቅለት መስሎት የኖረው የወንድሙን የመጨረሻ ደስታ ሲያግድ እንደነበር ያን ጊዜ ገባው። አፈረ። መብራቱን ከእናቱ ጭን ላይ ቀስ ብሎ ተቀበላቸውና በራሱ ሸሚዝ መወልወል ጀመረ።

መኪናዋን አስጎትቶ ሲደርስ የመጀመሪያው ባትላሜራ «መጣህ?» ብቻ ብሎ ተቀበለው። እንግዲህ አዲስ ፊት በአሮጌ አካል ላይ ዝም ብሎ የሚገባ እንዳይመስልሽ። የብሎኑ ቀዳዳ አይገናኝም፤ የመብራቱ ሽቦ ከአሮጌው ሽቦ ጋር አይስማማም። ይገጥሙታል፣ አይሆንም፤ ይፈቱታል፣ ይቆርጡታል፣ ይበይዱታል፣ ደግሞ ይገጥሙታል። ሰውየው ከሥራ ሲወጣ እየሄደ፣ ባትላሜራው እስኪያጠብቀው ድረስ ፓራፋንጎውን በሁለት እጁ ደግፎ ይይዝለት ነበር። ቀለም ተቀባች፤ አማረባት። በግራ በኩል ግን ኮፈኑና መብራቱ መካከል ጣት የምታስገባ ክፍተት ቀረች። ባትላሜራው ይቅርታ ሊጠይቅ ሲጀምር ሰውየው፣ «ተዋት፣ ዕድሜዋን አትደብቅባት» ብሎ ሳቀ። ወንድሙ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቁ ነበር። ቢጫዎቹን አሮጌ መብራቶች የእሷን ብጤ ለሚነዳ፣ መብራቱ ለተሰበረበት ሾፌር ሰጠው፤ ሾፌሩ እየመረቀው ሄደ።

በቀጣዩ እሑድ እናቱን ደግፎ ከኋላ ወንበር አስቀመጣቸው። መኪናዋ ከግቢው ስትወጣ አንዲት ጎረቤት «እሰይ! አዲስ መኪና ገዛችሁ? እንኳን ደስ ያላችሁ!» ብላ እልል አለች። ሰውየው መስኮቱን አውርዶ «የወንድሜ ናት፤ ያሳመራትም እሱ ነው» አላት። ሞተሩ ያው የድሮው ነው፤ ዳገቱ ላይ ሲደርስ እንደ ልማዱ አጉረመረመ። እናትየው ከኋላ ሆነው «ተመስገን» አሉ። ደግመው «ተመስገን፣ ተመስገን» አሉ። ሰውየው መሪውን እንደጨበጠ እንባው ወረደ። ዓመት ሙሉ «ለምን ወሰድክብኝ?» እያለ ከፈጣሪው ጋር ሲሟገት የኖረ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ወንድም ስለሰጠኸኝ አመሰግንሃለሁ ያለው ያን ጠዋት፣ ያ ዳገት ላይ ነው።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ፣ ልጄ።

ባልሽን አውቀዋለሁ። የልጅሽን እጮኛ ሽማግሌዎች የተቀበላቸው፣ እሺ ብሎ መርቆ የሸኛቸው እሱ ነው፤ እኔም ጎኑ ተቀምጬ ነበር። ሲወጡ ጉልበቴን መታ አድርጎ «በዚች ልጅ ሠርግ ወጣቶቹ እስኪያዝኑልኝ ነው የምጨፍረው» አለኝ። አልደረሰበትም። ይህ ሠርግ እንግዲህ ያ ሰው ሰብስቦ፣ ጠቅልሎ፣ አልጋ ሥር አስቀምጦልሽ የሄደው ነው። ጥቁሩን ልብስ እሱ አያውቀውም፤ ከሞተ በኋላ የመጣ ነው። ሠርጉን ግን ያውቀዋል፤ በልቡ ይዞት ነበር። አንቺ እሱ የማያውቀውን ግድግዳ ላይ ሰቅለሽ፣ የወደደውን ትተሽበታል።

ነጭ ብትለብሺ ውስጥሽ አይለወጥም፤ አትፍሪ። ሙሽሪት ስትወጣ እንባሽ ይመጣል። የጎደለውም መጉደሉ ይታያል፤ ይታይ፣ ማንም አይወቅስሽም። ግን እስከ ዛሬ እዚህ እየመጣሽ ለምን ሞተብኝ ስትዪ ሰምቼሻለሁ እንጂ፣ ይህን የመሰለ ባል ስለሰጠኸኝ አመሰግንሃለሁ ስትዪ ሰምቼሽ አላውቅም። እሱን የምትዪበት ቀን እሑድ ይሁንልሽ። የጀመረውን ጨርሺለት፤ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና እኔ አላውቅም።

አንድ ነገር ልጨምርልሽና ሂጂ። ልጅሽ ትናንት እዚህ መጥታ ነበር። ስለ ሠርጓ የምትጠይቀኝ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን አሁን አንቺ ከተቀመጥሽበት ተቀምጣ፣ «እማዬ ከአባዬ ጋር አብራ ሞተች ወይ?» አለችኝ። ምንም አልመለስኩላትም። የሚመለሰው ባንቺ ነውና እሑድ አንቺው መልሺላት።