አያ ጃርትና የጦጢት በቅሎ

ልጆቼ ጠጋ በሉ፤ እናንተም ትልልቆቹ ጆሯችሁን ስጡኝ።

በዱሮ ጊዜ፣ ስሙን ንፋስ በወሰደው አገር፣ አያ ጃርት የሚባል ድንች አብቃይ ነበር። በዚያ አገር የታመመ ሁሉ በቃሬዛ ተጭኖ ከወንዙ ማዶ፣ መድኃኒት አዋቂው አባ ኤሊ ዘንድ ይወሰዳል። ሸክሙ በተራ ነው፤ ዛሬ እኔ አንተን፣ ነገ አንተ እኔን። ከቃሬዛው ሁለት እንጨቶች አንዱ አያ በሬ ቤት፣ አንዱ አያ ጃርት ቤት ይቀመጥ ነበር።

አያ ጃርትን ግን አንድ ሐሳብ ያብሰለስለው ጀመር። «እኔን እሾሃሙን ማን ይሸከመኛል? ቢሸከሙኝስ የአባ ኤሊ ወረፋ መች ያልቃል?»

ይህን የሰማች እመት ጦጢት ከች አለች።

«አያ ጃርት፣ በየምርቱ አንድ ቁና ድንች ይስጡኝ። የታመሙ ዕለት በበቅሎዬ አደርስዎታለሁ። ቃሬዛ የለ፣ ወረፋ የለ!»

«በቅሎዋ የት አለች?»

«ሣር ልትግጥ ሄዳለች።»

አያ ጃርት ደስ ብሎት ድንቹን ሰፈረ። «እንግዲህ ቃሬዛ ምን ያደርግልኛል?» አለና እንጨቱን ፈልጦ ማገደው። ድንች ቀቀለበት፣ በላ፣ ለጥ ብሎ ተኛ። አይ ሞኝነት!

ክረምት ሲገባ ትኩሳት ጣለው። ጉሮሮው አብጦ ውሃ እንኳ አልወርድ አለው። ሚስቱም ወደ ጦጢት ሮጠች።

«ባሌ ሊሞትብኝ ነው! በቅሎዋን!»

«ሣር ልትግጥ ሄዳለች። ደግሞስ ውላችን ለቁርጠት ነው እንጂ ለትኩሳት አይደለም» ብላ ጦጢት ዛፏ ላይ ወጣች።

ሚስትየዋ እሪ ስትል አገሩ ተሰበሰበ።

«ያንተን እንጨት አምጣ እንጂ» አለ አያ በሬ።

«ማገድኩት» አለ አያ ጃርት በሰለለ ድምፅ። ሐፍረቱ ከትኩሳቱ ባሰበት።

አያ በሬ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ፣ በዚያ በእርሻ ወቅት፣ ሞፈሩን ፈታ! «ይሄም እንጨት ነው፤ እርሻው ነገ ይደርሳል» አለ። ሚዳቋ እሾሁ ተሸካሚ እንዳይወጋ ሣር ጎዘጎዘች። ከርከሮ ከፊት ገብቶ ተሸከመ። ወንዙን ተሻግረው ሲደርሱ ወረፋ የያዙት ሁሉ «የባሰበት ይቅደም» ብለው ተነሡለት። አባ ኤሊም ሥር ቀጥቅጦ አጠጣው።

በሦስተኛው ቀን ጉሮሮው ተከፈተ። የመጀመሪያ ቃሉ «እግዜር ይስጥልኝ» ነበር፤ እያለቀሰ ነው ያለው። ቤቱ እንደገባም ጥሩ ወይራ ቆርጦ አዲስ የቃሬዛ እንጨት ጠረበ።

ብዙም ሳይቆይ ጦጢት ያን ሁሉ ድንች ሰልቅጣ ሆዷን ቆረጣት።

«ወገኖቼ፣ ድረሱልኝ!»

«በቅሎሽስ?» አሏት።

«ሣር ልት...» ብላ አንገቷን ደፋች።

አገሩ ሁሉ ሳቀ። እንጨቱን ይዞ ቀድሞ የደረሰላት ግን አያ ጃርት ነበር።

«እንዲያ አድርጌዎት ይሸከሙኛል?» አለችው።

«እኔንስ በሞፈር ተሸክመውኝ የለ?» አላት።

ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር በቅሎ ልግዛ የሚል ሲመጣ፣ ግዛ ይሉታል፤ ግን እንዲህ ብለው ይመርቁታል፦

በቅሎ ብትገዛም ቃሬዛ አትማግድ።