ሰላምታ የሚዘገይበት ሻይ ቤት

በአዲስ አበባ፣ ከጉለሌ ቁልቁል ወደ ወንዙ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ የስንዱ ቤት የሚባል ጠባብ ሻይ ቤት አለ። በበሩ ላይ የተጻፈ ስም ስለሌለው አዲስ ሰው የሚያገኘው እየጠየቀ ነው፤ አግኝቶት ሲገባም መጀመሪያ ቤት የተሳሳተ ይመስለዋል። ዘመድም ይሁን ባዳ፣ ወደዚህ ቤት የገባን ሰው ማንም ቀና ብሎ አያየውም፤ «ኖር» ብሎ የሚነሣለት፣ «እንዴት ዋልክ» ብሎ እጁን የሚዘረጋለት የለም። ባዶ ቦታ ፈልጎ ይቀመጣል፣ ሳያዝዝ ሻይ ይመጣለታል፣ ይጠጣል። ጨርሶ ብርጭቆውን ወደ ጠረጴዛው መሐል ገፋ ሲያደርግ ግን ቤቱ በሙሉ ገና አሁን የገባ ያህል ዞሮ ይቀበለዋል፤ እንዴት ዋልክ፣ ቤት እንዴት ነው፣ ልጆች እንዴት ናቸው፣ ያ ወገብህስ ተሻለህ ወይ እየተባለ፣ ሌላ ቦታ በር ላይ የሚያልቀው ሰላምታ እዚህ ከሻይ በኋላ ይጀመራል። ብርጭቆውን ያልገፋ ሰው እንደ ገባ ይወጣል። የሚቀየመውም የለም።

ልማዱን የማያውቅ እንግዳ መቀየሙ አልቀረም። አንድ ጊዜ ለዘመድ ጥየቃ ከመንዝ የመጡ ሽማግሌ ገብተው፣ ሦስት ጊዜ ሰላምታ ሰጥተው መልስ ቢያጡ፣ «ሞቼ ነው እንዴ? ንገሩኝና ልቀበር!» ብለው ከዘራቸውን እያንቋቁ ወጡ ይባላል። ስለ ልማዱ አመጣጥም የሚነገረው አንድ ዓይነት አይደለም። ጆሮ ጠቢ በበዛበት ዘመን ሰው ሰውን ስለ ፈራ ነው የሚሉ አሉ፤ የቤቱ ባለቤት ጆሮዋ ስለማይሰማ ነበር የሚሉም አሉ። የሰፈሩ አዛውንት ግን ሁለቱንም አይቀበሉም። እነሱ የሚያወሩት የቀለም ቀቢውን የደምሴን ነገር ነው።

እንደሚነገረው በንጉሡ ዘመን መገባደጃ ላይ ደምሴ በዚያው ሰፈር ከባለቤቱ ከወርቅያንጥፉ ጋር ይኖር ነበር። ልጅ አልነበራቸውም። ሥራው ቋሚ ቦታ የለውም፤ ዛሬ ልደታ የአንድ ነጋዴ ቤት ሲቀባ ቢውል ነገ ቀበና የሌላ ሰው አጥር ላይ ነው፤ የት እንደሚውል ባለቤቱ እንኳ የምታውቀው ማታ ሲነግራት ነበር። ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን፣ ቅንድቡ ላይ የደረቀውን ቀለም ሳይጠርግ፣ መጀመሪያ እትዬ ስንዱ ሻይ ቤት ጎራ ይላል። በዚያ ቤት የማይታጡት ጡረተኛው ባሻ ቸርነት ነገር የሚፈልጉት ከእሱ ጋር ነበር።

«ዛሬ ደግሞ የማንን ቤት አበላሽተህ መጣህ?» ይሉታል።

«የርስዎን ፊት ሳይ የሰው ግድግዳ ሁሉ አምሮ ይታየኛል፣ ባሻ። ይሄን ሦስት እጅ ቀለም ቢቀቡትም አይሸፍነው።»

ቤቱ ይስቃል፣ ባሻም ይስቃሉ፤ ደምሴ እንዲያ ያለ ሰው ነበር አሉ።

ኋላ ወርቅያንጥፉ ታመመች። ሕመሙ ቶሎ የሚገድልም ቶሎ የሚተውም ዓይነት ስላልነበረ ክረምቱን ሁሉ ሆስፒታል ተኝታ ከረመች፤ ደምሴም ቀን ግድግዳ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ አልጋዋ አጠገብ፣ ሲመላለስ ከረመ። ሰፈሩም ሰፈር የሚያደርገውን አደረገ። ጠዋት ከደጁ ሲወጣ የጎረቤቱ ሚስት «እንዴት አደረች?» ትለዋለች፤ ከእሷ ሲያልፍ ልብስ ሰፊው፣ ከልብስ ሰፊው ሲያልፍ ዘበኛው፣ ከዘበኛው ሲያልፍ የዕድር ሴቶች፣ አውቶቡስ ውስጥ ደግሞ ቲኬት ቆራጩ። እሱም ለሁሉም «ደኅና ናት፣ ተመስገን» ይላል። መጀመሪያ ይህን ቃል ይናገር የነበረው ተስፋ አድርጎ ነው፤ ቆይቶ ስለ ለመደበት፤ ከዚያ ወዲያ ግን ከሁሉ አጭሩ መንገድ እሱ ስለ ሆነ ነው። አንድ ቀን ደክሞት እውነቱን ለልብስ ሰፊው ቢነግረው፣ ሰውዬው መኪናውን አቁሞ አለቀሰ፤ ጠበል ያለበትን ቦታ ነገረው፤ የገዛ እህቱ በዚሁ ሕመም እንዴት እንደ ሞተች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አጫወተው፤ በመጨረሻም ደምሴ ራሱ ቁጭ ብሎ ልብስ ሰፊውን ሲያጽናና ጊዜው አለፈበት። ከዚያ ወዲህ እውነቱን ለማንም አልተናገረም።

ወደ እትዬ ስንዱ ቤት መምጣቱንም ተወ። እዚያ ያለው ሁሉ ወዳጅ ነው፤ ወዳጅ ደግሞ ይጠይቃል። ባሻ ቸርነት መቀለዱን ትተው፣ ገና ከበሩ ሳይገባ ተነሥተው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው «እመቤቲቱ እንዴት ናት?» ይሉት ጀመር፤ ይህ ከሁሉ የከበደው ይመስላል።

ስለዚህ የማያውቁት ሰዎች ያሉበት ሻይ ቤት ፍለጋ ገባ። ከተማው ትልቅ ነው፤ በየመንደሩ፣ በየቅያሱ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ኋላም ሻይ ቤት አይጠፋም። እሱ የሚፈልገው ጥሩ ሻይ አልነበረም፤ ሲገባ ማንም ቀና የማይልበትን ነበር እንጂ። በካዛንቺስ አንድ አገኘ፣ በተክለ ሃይማኖት አንድ፣ ከፒያሳ ኋላ ደግሞ ሌላ። ዳሩ ግን ከተማው የፈለገውን ያህል ቢሰፋ ሻይ ቤቱ ጠባብ ነው። የመጀመሪያው ቀን ዝም ይሉታል፤ ሲደግም ጠጋ ብለው ቦታ ይሰጡታል፤ ሲሰልስ «ዛሬ ዘገየህሳ?» ይሉታል፤ ከዚያ አንዱ ደግ ሰው፣ በቅን ልቡ፣ «ቤተሰብ ደኅና?» ይላል። ደምሴም «ደኅና፣ ተመስገን» ብሎ ይወጣል፤ በማግስቱ የሚገባው ሌላ ሰፈር ነው። እንዲህ እያለ ከቤቱ እየራቀ ሄደ።

መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት፣ ወርቅያንጥፉን ታስታምም የነበረችው እህቷ ከሆስፒታል ሰው ላከች። ወርቅያንጥፉ ደክማለች፣ ደምሴን ጥሩልኝ እያለች ነው የሚል ነበር መልእክቱ። የት እንደሚቀባ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። የመጠየቂያው ሰዓት ገና ሩቅ ነው፤ እሷ እስከዚያ መድረሷን የሚያውቅም የለም። ሰፈሩ በየአቅጣጫው ተበተነ፤ እትዬ ስንዱም እሳታቸውን አጥፍተው፣ በራቸውን ዘግተው፣ ደምሴ ያለ ሻይ የማይውል ሰው ነውና፣ ከባሻ ጋር ሻይ ቤት ለሻይ ቤት ዞሩ።

በካዛንቺስ ያገኟት ባለ ሻይ ቤት ወዲያው አወቀችው። «ጫማው ላይ ኖራ ያለበት? አንድ ቀን ‹ስምህ ማነው የኔ ወንድም› አልኩት። ከዚያ ወዲህ ዓይኑን አላየሁትም። ምነው፣ አስቀይሜው ይሆን?»

በተክለ ሃይማኖት ደግሞ አንድ ሰው «ባለቤቱ ታማበታለች መሰለኝ» አላቸው። «ምን ሆነሃል ብለን ይዘነው በግድ ነው የነገረን። ልንጠይቃት ተነጋግረን ነበር እኮ፤ እሱ በማግስቱ ቀረ።»

ከፒያሳ ኋላም ያው ነበር። እትዬ ስንዱ እዚያ ደጅ ላይ ቆመው፣ እግራቸው አብጦ፣ ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዶ፣ «ባሻ፣ ይሄ ሰው እኛን ነው የሚሸሸው» አሉ ይባላል።

«እኛ? እኛ ምን አደረግነው?»

«ጠየቅነው።»

ደምሴ እንደ ወትሮው በመጠየቂያው ሰዓት፣ ምሳ ዕቃውን አንጠልጥሎ፣ በሆስፒታሉ በር ገባ። ወርቅያንጥፉ እኩለ ቀን ላይ አርፋ ነበር። የነገረው ሰው የለም፤ ደጅ ላይ የተሰበሰበውን ሰፈርተኛ ፊት አይቶ ነው ያወቀው።

«ስትፈልጉኝ ነበር እንዴ?» አለ።

«ያልገባንበት ሻይ ቤት የለም፣ ልጄ» አሉት ባሻ።

«አዎ» አለ። «ብዙ ናቸው።»

እህቷ፣ ወርቅያንጥፉ እስከ መጨረሻው በሩን በሩን ስታይ እንደ ነበር ያን ዕለት ነገረችው የሚሉ አሉ፤ ሳትነግረው ኖራ ሞተች የሚሉም አሉ።

ለቅሶው ተለቀሰ፣ ሐዘንተኛው ተቀመጠ፣ «እግዜር ያጽናህ» የሚለው ሁሉ መጥቶ ብሎ ሄደ። ደምሴ ወደ ሥራው ሲመለስ በእትዬ ስንዱ ደጅ ማለፉን ትቶ በማዶ በኩል፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ይሄድ ጀመር። የሰፈሩ ሰው ቤቱን ሊሸጥ ነው፣ ከተማውንም ሊለቅ ነው ይባባላል፤ ያንን ሰው ዳግመኛ እንደማያገኙት እትዬ ስንዱ አወቁ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ያለ ወቅቱ ዶፍ ወረደና ደምሴ በማዶ ካለ ጣራ ሥር ተጠለለ። ከሻይ ቤቱ ሆነው ሁሉም አዩት። ባሻ ሊጠሩት አፋቸውን ሲከፍቱ እትዬ ስንዱ እጃቸውን ያዙ።

«ማንም እንዳይጠራው። ቢገባም ማንም ቃል እንዳይተነፍስ።»

«እግዜር ያጽናህም አይባል?»

«እሱም አይባል።»

«ነውር ነው እኮ፣ አንቺ ስንዱ! ሐዘንተኛ ገብቶ ዝም?»

«ነውሩ በኔ ይሁን» አሉ።

ሻይ በብርጭቆ ቀዱ፣ በዝናቡ መሐል መንገዱን ተሻገሩ፣ ደምሴ እግር ሥር ካለች ድንጋይ ላይ አኖሩለትና ፊቱን እንኳ ሳያዩ ተመለሱ። ደምሴ ብዙ ቆየ። ኋላ ጎንበስ ብሎ አነሣው፣ ጠጣው። ዝናቡም አባራ፤ ሊሄድ ሁለት እርምጃ ተራመደና ቆመ፤ ባዶው ብርጭቆ እጁ ላይ ነበር። የሰው ዕቃ መንገድ ላይ ጥሎ መሄድ አልሆነለትም። ዞረና ወደ ሻይ ቤቱ ተሻገረ።

ሲገባ ዝንብ እንኳ አልጮኸም። ሁሉም ጠረጴዛ ጠረጴዛውን ያያል፤ ባሻ ቸርነት ድምፃቸው እንዳያመልጣቸው የጋቢያቸውን ጫፍ ጎርሰው ነበር አሉ። እትዬ ስንዱ በዚያው ብርጭቆ ደግመው ቀዱለት። ቆሞ ተቀበለ፤ ጥቂት ቆይቶ ተቀመጠ። ጭንቅላቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ እንቅልፍ ወሰደው የሚሉ አሉ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ብቻ ነበር የሚሉም አሉ። ሻዩ ቀዝቅዞ ሳለ ጠጣው፣ ክንዱን ሊያሳርፍ ብርጭቆውን ወደ መሐል ገፋው፣ ከዚያም ቀና ብሎ ባሻን አያቸው።

«ባሻ፣ ከስተዋል እኮ» አለ። «ምነው፣ አመመዎት?»

ባሻ ጋቢውን ከአፋቸው አወጡ። በዚያ ዓመት ሁለት ጥርስ ወልቆባቸው፣ እህል አልዋጥ ብሏቸው ነበር።

«ደኅና ነኝ፣ ተመስገን» አሉት።

ልማዱ ከዚያ ቀን ጀመረ ይባላል። ባሻ ለደምሴ ብቻ መስሏቸው በማግስቱ ሌላ ሰው ሲገባ ተነሥተው ሰላምታ ቢሰጡ፣ እትዬ ስንዱ «ማን ምን ተሸክሞ እንደሚገባ በምን አወቁ?» ብለው አስቀመጧቸው። ደምሴም ቤቱን አልሸጠም፤ እስኪያረጅ ድረስ እዚያው ሻይ ሲጠጣ ኖረ።

እትዬ ስንዱ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆኗል፤ ቤቱን አሁን የምታሠራው የእህታቸው የልጅ ልጅ ናት። በማዶ የነበረችው ድንጋይ መንገዱ ሲሰፋ ተነሥታ ቦታዋ ዛሬ ዝቅ ያለ የሲሚንቶ አጥር ሆኗል። ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ አንዳንዴ አንድ ሰው መጥቶ እዚያ ጋ ይቆማል፤ በሩን ያያል እንጂ አይገባም። ሻይ በብርጭቆ ይሻገርለታል፣ አጥሩ ላይ ይቀመጥለታል፣ ቃል ግን አይጨመርበትም። ጠጥቶ፣ ብርጭቆውን እዚያው ትቶ የሚሄድም አለ፤ ሲመሽ ሄዶ የሚያመጣው አይጠፋም። የሚበዛው ግን ብርጭቆውን እንደ ያዘ መንገዱን ይሻገራል።