የአያ ጅቦ ጓዳ ሳሎን ወጣ

አንድ ጊዜ፣ ዋሻ ሰልችቶት ባለ ብዙ ክፍል ቤት የሠራ አያ ጅቦ የሚባል ጅብ ነበር። ቤቱ አልቆ ከገባበት በኋላ ግን አንድ ችግር እንቅልፍ ነሳው። ቴሌቪዥኑ ሳሎን ነው፤ ሥጋው ጓዳ ነው። ሳሎን ተቀምጦ የሚወደውን ተከታታይ ድራማ ሲያይ ልቡ ጓዳ ይሄዳል። ጓዳ ገብቶ አጥንት ሲቆረጥም ደግሞ ድራማው ያመልጠዋል። ሌላ አውሬ ቢሆን ሥጋውን ይዞ ሳሎን ይቀመጥ ነበር። አያ ጅቦ ግን ጭንቅላቱን በእንዲህ ዓይነት ነገር የሚያደክም አልነበረም።

ስለዚህ እመት ቀበሮን አስጠራት። እመት ቀበሮ በየቤቱ ዋይፋይ የምታስገባ፣ ካሜራ የምትሰቅል፣ ያልተበላሸውንም ቢሆን ከመጠገን ወደኋላ የማትል ባለሙያ ነበረች።

«ምን ልታዘዝ፣ አያ ጅቦ?» አለች ጭራዋን ሰብስባ እየተቀመጠች።

«ሳሎን ያለው ድምፅና ምስል በየክፍሉ ይድረስልኝ። የትም ብገባ ምንም እንዳያመልጠኝ።»

«ይሄማ ቀላል ነው። ክፍሎቹን በሙሉ በአንድ መስመር አገናኛቸዋለሁ። በየክፍሉ አንድ ስክሪን፣ አንድ ስፒከር እሰቅላለሁ። ሳሎን የከፈትከው ድራማ ጓዳም፣ መኝታ ቤትም፣ በረንዳም ይከተልሃል። ዋጋው አንድ ሙዳ ሥጋ ነው።»

«ምራቂስ?» አለ አያ ጅቦ። ሽንኩርት እንኳ ሲገዛ ምራቂ ሳያስጨምር ከገበያ ወጥቶ አያውቅም።

እመት ቀበሮ ጢሟን ዳሰሰች። ገዢ አጥተው አቧራ የጠጡ ካሜራዎችና ማይኮች ቤቷን አጣበው ነበር። «ለአንተማ አንድ ካሜራ ከነማይኩ እመርቅልሃለሁ። ደጅህ ላይ ብንሰቅለው ሌባ ይጠብቅልሃል።»

«ደጁ ብቻ? ሌሎቹ ክፍሎች የእንጀራ ልጆች ናቸው?»

«አይ፣ ለሁሉም ይኖረኛል። ግን ልንገርህ፤ ድራማው በተዘጋ ጊዜ ስክሪኑ ሌላውን ክፍል ነው የሚያሳየው። የሳሎኑ ወሬ ጓዳ እንደሚሰማ ሁሉ የጓዳውም ሳሎን ይሰማል። ጓዳውን እንኳ ብንተወው...»

«ምራቂ ተገኝቶ ጓዳዬ ባዶውን ይቀራል? ይልቅ ጓዳው ላይ ሁለት አድርጊበት!»

«በጄ» አለች እመት ቀበሮ። «ምራቂው በነጻ ነው። የመስቀያው ግን ሌላ አንድ ሙዳ።»

አያ ጅቦ «በነጻ» የምትለዋን ብቻ ሰማ። ቀበሮም ሁለት ሙዳዋን ተሸክማ፣ መናገሬንስ ተናግሬያለሁ እያለች ሄደች። ከዚያ ወዲያ ጠዋትም ማታም ድራማው በየክፍሉ ሲንጫጫ ይውላል። አያ ጅቦ ቴሌቪዥን መዝጋት የሚባል ነገር ስለማያውቅ፣ ሲዘጋ ምን እንደሚመጣ የማየት ዕድልም አልገጠመው።

አያ ጅቦ ቅልጥሜ የምትባል ልጅ ነበረችው። ከወንዝ ማዶ ያለ አንድ ጎበዝ ጅብ ወደዳት፤ እሷም ወደደችው። የማዶ ጅቦች ደግሞ ከአህያ ጋር ታርቀው የሚኖሩ፣ በዚህም የሚኮሩ ነበሩ። ለጋብቻ ሽማግሌ ሲልኩ አንበሳና አህያ ነበር የሚልኩት። አህያው የሙሽሪት ቤት ተከብሮ ከተመለሰ ቤቱ የጨዋ ቤት ነው ይባላል። ካልተመለሰ ግን ሙሽሪትም እዚያው አባቷ ቤት ትቀራለች።

ሽማግሌዎቹ የሚመጡበት ቀን ሲደርስ ቅልጥሜ የአባቷን ጉልበት ይዛ ለመነችው። «አባዬ፣ በሞቴ! አህያውን ቀና ብለህ እንዳታየው።»

«ኧረ ልጄ፣ ምን ነካሽ?» አለ አያ ጅቦ። «አህያ መብላት እኮ ድሮ ነው የተውኩት።» ይህን ሲል ምራቁን መዋጡን ራሱም አላወቀም።

ሽማግሌዎቹ መጡ። አያ አንበሶ በግርማው፣ አባ ጭነት የተባለው አህያ በወፍራም ሽንጡ ሳሎኑን ሞሉት። የአያ ጅቦ ሚስት እመት ጎፍኔ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ ቴሌቪዥን አይንጫጫም ብላ ድራማውን በሪሞት ዘጋችው።

«እንግዲህ ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል» አለ አያ አንበሶ።

አያ ጅቦ ዓይኑን ጣሪያ ላይ ሰክቶ «እግዜር ያክብርልን። እስቲ ከባለቤቴ ጋር ጥቂት እንምከርበት» አለና እንደ ወጉ እመት ጎፍኔን አስከትሎ ጓዳ ገባ። በሩንም ጥርቅም አድርጎ ዘጋ። እንዲህ ነው ጥንቃቄ!

«አየሽው?» አለ ገና በሩ ሳይረጋ። «ሽንጡን አየሽው? ታፋውንስ?»

«አንተ ሰውዬ! ስለ ልጅህ እንምከር እንጂ!»

«መከርኩ እኮ። ልጅቱን እንሰጣለን፤ አህያውን እናስቀራለን። አንቺ አንበሳውን በፊት ለፊት ትሸኚዋለሽ፤ እኔ አህያውን በጓሮ በኩል እሸኘዋለሁ።»

«አህያው ካልተመለሰ ጋብቻ የለም! ቁርጡን ንገረኝ። ልጅህን ነው የምትፈልገው ወይስ አህያውን?»

አያ ጅቦ አንገቱን አከከና «እስቲ ላስብበት» አለ።

እያሰበ ሳለ ዓይኑ ግድግዳው ላይ ካለው ስክሪን ላይ ወደቀ። አንድ አንበሳና አንድ አህያ አንድ ቤት ውስጥ ተቀምጠዋል። አህያው ሁለት ጆሮውን አቁሞ «የእኔን ሽንጥ ነው የሚለው?» ይላል። አንበሳው «ጥርጥር የለውም። ቀስ ብለህ ውጣ» ይለዋል። አህያው ግን ቀስ ማለቱ አልሆነለትም። ወንበሩን ገልብጦ፣ በሩን በርግዶ፣ እየተራገጠ ወጣ።

«ውይ፣ ድራማዬ!» አለ አያ ጅቦ። እንባው እስኪፈስ ሳቀ። «ነይ ተመልከቺ ጎፍኔ! አህያ ቤቱ ድረስ በእግሩ መጥቶለት የሚያመልጠው ምን ዓይነት ጅል ነው? ባለቤቱን ባሳዩን!»

እመት ጎፍኔ ጠጋ ብላ አየች። «መጋረጃው የእኛን ይመስላል።»

«የእኛን አይቶ ገዝቶ ይሆናላ። ጅል መቼ የራሱ ሐሳብ አለው?»

«የወደቀውም ወንበር የእኛ ነው። አንበሳውም አያ አንበሶ ነው።»

ይኼኔ በስክሪኑ ውስጥ ያለው አንበሳ ፊቱን አዙሮ «አያ ጅቦ፣ ባለቤቱን ማየት ካማረህ ወደ ሳሎን ና። እዚህ ስክሪን ላይ አለልህ» አለው።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አያ ጅቦ ጅራቱን ቆልፎ ሳሎን ገባ። ቀና ቢል የገዛ ጓዳው፣ የተሰቀለው ሥጋና ራሷን ይዛ የተቀመጠችው ሚስቱ በስክሪኑ ላይ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። እሱ ግን «አህያው እኮ በጤና ወጥቷል» አለ።

«ወጥቷል» አለ አያ አንበሶ እየተነሳ። «ያወጣው ግን የእናንተ ጨዋነት ሳይሆን የቀበሮ ስፒከር ነው። የእኛ ልጅ ሌላ ቤት ይፈልግ።» ይህን ብሎ ወጣ።

ወሬውን ማንም ማውራት አላስፈለገውም። የበረንዳው ስፒከር ለሰፈሩ ሁሉ አድርሶታል። ማግስቱን እመት ቀበሮ ብቅ ብላ፣ ምንም እንዳልሰማች «ዕቃው እንዴት ነው፣ ጥራቱ ደህና ነው?» አለችው።

«ጥራቱማ ግሩም ነው!» አለ አያ ጅቦ አጥሩ ላይ ለተሰበሰበው ጎረቤት ጭምር። «ጅልነቴ በየክፍሉ ደርሷል፤ አንዲት ጊዜ እንኳ አልተቆራረጠም። ባለቤቱን ባሳዩን ብዬ የተጣራሁትም እኔው ነኝ!» ጎረቤቱ ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ። በራስ መሳቅ ቁስል ያሽራል ሲባል ሰምቶ ነበርና፣ የሚለው ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር ሆነ።

በዚህ መሐል ቅልጥሜ ዓይኗ እንደቀላ ከክፍሏ ወጣች።

«አባዬ፣ ስለ ሽንጡ ያልከው ምንም አይደል፤ እኔም ስቄበታለሁ። ጅብ ነህ፣ ምን ታደርግ!» አለችው። «እማዬ ልጅህን ነው ወይስ አህያውን ስትልህ ግን ‹ላስብበት› አልክ። እሱም እኔ ክፍል ተሰማ።»

አያ ጅቦ በራሱ ላይ የሚያወራው ቀልድ ሞልቶት ነበር። አፉን ከፍቶ አንዱን ፈለገ፤ አላገኘም። ቅልጥሜም መልሱን ሳትጠብቅ ወደ ክፍሏ ተመለሰች።

ከዚህ የምንማረው፣ ሳሎን ሲወጣ የሚያሳፍረውን ነገር ጓዳው ውስጥ የሚመክር ሁሉ፣ ስፒከር ቢሰቅልም ባይሰቅልም አንድ ቀን በሚወዱት ሰዎች ጆሮ መሰማቱ እንደማይቀር ነው።