ሁመድ የተቆጣ ቀን

አንዲት ሴት ሐሙስ ማለዳ የመኪናዋን የኋላ በር ከፍታ ዕቃ ትጭናለች። ድንኳን፣ ብርድ ልብስ፣ ትንሽ የጋዝ ምድጃ፣ አንድ ካርቶን ቴምር፣ ሁለት ጀሪካን ውኃ። የጎረቤቶቿ በሮች ክፍት ነበሩ። ሰዎች ይወጣሉ፣ ይገባሉ። «ወዴት ነው?» ያላት ግን አልነበረም። በሩን ዘጋችና ተነሣች።

ወዴት? ወደ በረሃ። ከማን ጋር? ከማንም ጋር።

አዝመራ ትባላለች፤ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። አዳማ ከተማ ሃያ ስድስት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምራለች። የአፋርን በረሃ በየዓመቱ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ስትሥል የኖረች፣ በእግሯ ግን ረግጣው የማታውቅ ሴት ናት። እናንተ አታውቋትም፤ የሌላ ቤተ ክርስቲያን ሰው ናት። ስለዚህ ዘና ብላችሁ ስሙኝ። ለጊዜው እናንተን አልነካም።

ሴት ልጅ ብቻዋን በረሃ ለበረሃ ድንኳን እየተከለች ምን ትሠራለች? የመንፈቀ ዓመት ዕረፍት ስለሆነ ነው? ለሰው ያለችው እንደዚያ ነው። እውነቱን ከፈለጋችሁ ግን ተቆጥታ ነው። እንዲያው መኪናዋን ያስነሣው ቤንዚን ሳይሆን ንዴቷ ነው ብትሉኝ አልከራከራችሁም።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት በቤተ ክርስቲያኗ ሕፃናትን አስተማረች። ባለፈው ዓመት ታይፎይድ ይዟት አንድ ወር ተኛች። ማን ጠየቃት? ማንም። ድና ስትመለስ የክፍሏ በር ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘች፤ የአዲስ አስተማሪ ስም ተጽፎበታል። አልተጣሏትም። አልከሰሷትም። ረሷት እንጂ። ወገኖቼ፣ መጣላትስ ወግ ነው። የተጣላችሁት ሰው ቢያንስ ዓይናችሁን አይቷል።

አዝመራ ወረቀቱን አንብባ ተመልሳ ሄደች። አንድ እሑድ ቀረች። ሁለት እሑድ ቀረች። አሥራ አራት እሑድ ቀረች። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን ስልክ የተደወለላት አንድ ቀን ብቻ ነው። ጸሐፊው ነበር።

«እህት አዝመራ፣ የሕፃናቱ ክፍል ቁም ሣጥን ቁልፍ አንቺ ጋ ነው እንዴ?»

«እኔ ጋ ነው።»

«እሺ፣ ሰው እንልካለን» አለና ዘጋው።

እንዴት ነሽ አላላትም። ይላካል የተባለውም ሰው አልመጣም።

በመጀመሪያው ቀን አዋሽ ፓርክ ገብታ ድንኳኗን ተከለች። ሳላዎች ያንን እንደ ጦር የቀና ቀንዳቸውን ይዘው ቢጫውን ሣር ሲያቋርጡ አየች፤ አልገረማትም። የተቆጣ ሰው ምን ይገርመዋል? ሻይ ስታፈላ ለቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌዎች የምትናገረውን ንግግር ታጠናለች። ስትራመድም ታጠናለች። ከሁሉም ይልቅ ያ «ሰው እንልካለን» የሚለው ቃል ይመላለስባታል። በሁለተኛው ቀን አላይደጌ ሜዳ ላይ የሜዳ አህዮች ቆመው ሲያዩዋት መስኮቷን ዝቅ አድርጋ፣ «እናንተ ደግሞ ምን ታያላችሁ?» አለቻቸው። ሳቃችሁ? እሷ አልሳቀችም።

በሦስተኛው ቀን ከገዋኔ አልፋ ያንጉዲ ራሳ ፓርክ ደረሰች። እዚያ ሁመድ የሚባል አፋር ስካውት፣ የፓርክ ጠባቂ ማለት ነው፣ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ተቀበላት። ፂሙን በሒና ያቀላ፣ በዕድሜ እሷን የሚያህል ሰው ነው።

«ሰላም ነሽ እህቴ? ከየት መጣሽ? መንገዱ እንዴት ነው? ማንን አገኘሽ? ምን አየሽ?»

አፋር እንዲህ ነው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን ሳይነጋገሩ አይተላለፉም። ዳጉ ይሉታል። ጂኦግራፊ አስተማሪዋ ይህን ታውቃለች፤ ለተማሪዎቿም ነግራለች። ግን ንዴት የሚያውቁትን ያስረሳል። ምርመራ መሰላት።

«ፖሊስ ነህ እንዴ?»

«ስካውት ነኝ። ውኃሽ ስንት ነው? የት ድረስ ትሄጃለሽ? እዚህ መሆንሽን ማን ያውቃል?»

«ማንም አያውቅም» አለችው። «ማንም እንዲያውቅም አልፈልግም።»

«እንግዲያው እኔ ዐወቅሁ» አላት። ከዚያ እጁን ዘርግቶ በሩቅ የሚታየውን ጥቁር ኮረብታ አሳያት። «እዚያ ያለ እኔ አትውጪ። ድንጋዩ ከዳተኛ ነው። ነገ ተረኛ አይደለሁም፤ ግን ከፈለግሽ እመጣለሁ።»

«ከዚህ ግራር ጥላ አላልፍም» አለችው።

ዋሸችው። በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ ሁለት ጠርሙስ ውኃ ይዛ ወደ ኮረብታው ገሠገሠች።

የድሮ እሳተ ገሞራ የተፋው ድንጋይ ነው፤ ጥቁር፣ ስለታም፣ ሲረግጡት ከሥር የሚንከባለል። አምስት ሰዓት ላይ ጫፉ ላይ ደረሰች። ከሥሯ ያ ዕድሜዋን ሁሉ በጠመኔ የሣለችው አገር ተዘርግቷል። ሰው የለም፤ ጎጆ የለም። ደረቷን ነፍታ፣ «ማንም አያስፈልገኝም» አለች። ድምፅ አውጥታ ነው ያለችው።

ስትወርድ አንድ ድንጋይ ከእግሯ ሥር ተንሸራተተ። ቁርጭምጭሚቷ ዞረ። ልትቆም ሞከረች፤ አልቻለችም። በመቀመጫዋ እየተጎተተች አንድ የቋጥኝ ጥላ ውስጥ ገባች። ስልኳን አወጣች፤ ኔትወርክ የለም። ስምንት ሰዓት ላይ ውኃው አለቀ። ጮኸች። ድምፅዋ ራሷ ጋ ተመልሶ መጣ።

ያን ጊዜ አንድ ጥያቄ ያዛት። ማን ይፈልገኛል? ትምህርት ቤቱ ዕረፍት ላይ ነው። ጅማ ያለችው እህቷ የምትደውለው ለበዓል ነው። ቤተ ክርስቲያንስ? ንዴቷ ተመልሶ ተንፈቀፈቀ። አሥራ አራት እሑድ ያልፈለጉኝ ሰዎች ዛሬ ይፈልጉኛል?

ይህን እያለች ሳለች ሶስና ትዝ አለቻት።

ሶስና በቤተ ክርስቲያን ከምታስተምራቸው ልጆች አንዷ ነበረች፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ከፊት የምትቀመጥ። ከሁለት ዓመት በፊት ድንገት ቀረች። አዝመራ አራት ሳምንት ጠበቀች። በአምስተኛው ሳምንት የስም መዝገቡ ላይ ማስመሪያ አስቀምጣ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘቻት። መስመሩ እንዳይጣመም ተጠንቅቃ ነበር።

ወገኖቼ፣ ንዴት የሚጣፍጠው እኛ ንጹሕ እስከሆንን ድረስ ነው። አዝመራ ቋጥኙ ሥር ተቀምጣ ንዴቷን ልታነሣው ሞከረች፤ አልነሣ አላት። የቀረላት ፍርሃት ብቻ ነበር።

ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ከታች ድምፅ ሰማች። የሚጠራ ድምፅ አልነበረም። የሚቆጣ ድምፅ ነበር። ሁመድ ነው። ዳገቱን እየወጣ፣ ገና ሳያያት፣ ብቻውን ይቆጣል።

እንዴት ዐወቀ? ተረኛ አልነበረም። ግን ዐሥር ሰዓት ላይ እንዲያው ልይ ብሎ ወደ ግራሩ መጣ። መኪናው አለ፣ ድንኳኑ አለ፣ ሴትዮዋ የለችም። ግመሎቹን የሚነዳ ሰው ሲያልፍ አስቁሞ ዳጉ ጠየቀው። ሰውየውም፣ «የጫማ ዱካ አይቻለሁ። ወደ ጥቁሩ ኮረብታ ሲሄድ አየሁ፤ ሲመለስ አላየሁም» አለው። ሁመድ የሰውየውን አንዱን ግመል ተውሶ መጣ።

«ከግራሩ አላልፍም አላልሽኝም?» አላት ገና ሲደርስ። «ይሄ ግራር ነው? ቅጠሉ የታለ? በሁለት ጠርሙስ ውኃ እዚህ ይወጣል? ጅብ ቢያገኝሽስ? ነገ ዳጉ ስጠየቅ እኔ ምን ልበል? አንዲት ሴት አየሁ፣ ከዚያ ወዲያ አላውቅም ልበል?»

እየተቆጣ ውኃውን በክዳን ቀድቶ ጥቂት በጥቂት ያጠጣታል። እየተቆጣ አንገቱ ላይ የጣለውን ሻሽ ቀዶ እግሯን ያስራል። አፉ ሌላ፣ እጁ ሌላ።

አዝመራ አለቀሰች።

«ያምሻል?»

«አይደለም።»

«ስለተቆጣሁሽ ነው?»

«አዎ» አለችው። «አሥራ አራት ሳምንት ጠፍቼ የተቆጣኝ ሰው አልነበረም።»

ሁመድ ነገሩ አልገባውም። ግን አጠገቧ ተቀመጠ። «አባቴ ሲያሳድገኝ አንድ ነገር ነግሮኛል» አላት። «ሰው ሲያልፍ አይተህ ወዴት ነህ ሳትለው ቀርተህ እሱ ቢሞት፣ ሬሳው ያንተ ነው ብሎኛል። ትናንት ማንም አያውቅም ስትዪኝ ደንግጬ ነበር። በሕይወት ያለ ሰው እንዴት እንደዚያ ይላል?»

በግመል አውርዶ ቤቱ ወሰዳት። ሚስቱ ሐዋ የግመል ወተት በሰፊ ዕቃ አቀረበችላትና እሷም በተራዋ በአፋርኛ ትቆጣት ጀመር። አዝመራ አንድ ቃል አልሰማችም። ግን ሁሉም ገባት። በሦስተኛው ቀን ሁመድ ወደ አዳማ የሚመለስ ሾፌር ፈልጎ መኪናዋን አስነዳላት።

አዳማ ስትደርስ መጀመሪያ የሄደችው ወደ ቤቷ አይደለም፤ ወደ ሶስና ቤት ነው። በምርኩዝ ቆማ በሩን አንኳኳች። የሶስና እናት ከፈተች።

«መምህርት አዝመራ» አለች እናትየዋ። «አሁን ነው የመጣሽው? ልጄ ዓይኗን ታማ ስምንት ወር ቤት ዋለች። እሑድ እሑድ የክት ልብሷን ለብሳ በር በሩን ታያለች። አስተማሪዬ ትመጣለች ትለኝ ነበር። አሁን እንኳ መጠበቁን ትታዋለች። አሁን ምን ልታደርጊ መጣሽ?»

አዝመራ ምክንያት አልደረደረችም። አልሰማሁም ነበር አላለችም። በምርኩዟ ላይ እንደቆመች፣ ሴትዮዋ ተቆጥታ እስክታበቃ ሰማቻት። ሲበቃት እናትየዋ ዝቅ ብላ አየች።

«እግርሽን ምን ሆነሽ ነው?»

«ወድቄ ነው።»

«ግቢ» አለቻት።

ሶስና አሥራ አንድ ዓመቷ ሆኗል። ሰላም አለቻት፤ አልሳቀችላትም። ልጅ ቶሎ ይቅር ይላል የሚላችሁ ሰው ልጅ አያውቅም። አዝመራ በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። በሌላውም ሳምንት። የመጀመሪያዋን ፈገግታ ያየችው በሁዳዴ መጨረሻ ነው።

ሽማግሌዎቹ ፊትም ቆማለች። በበረሃ ያጠናችውን ንግግር ግን አልተናገረችም። «ጠፍቼ ነበር፤ አልፈለጋችሁኝም። እኔም ያልፈለግኋት ልጅ ነበረችኝ፤ ከሷ ቤት ነው የመጣሁት» አለቻቸው። አንዱ አንገቱን ደፋ። ሌላው፣ «እህታችን፣ ሥራ በዝቶብን ነው» አለ። ተመልከቱ። ሰው ጠፍቶባቸው ሥራ በዝቶብን ነው ይላሉ። እረኛ በግ ጠፍቶበት ሥራ በዛብኝ ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሥራው ሌላ ምንድን ነው?

አሁን ወደ እናንተ መጣሁ። ዛሬ ተቆጥቻለሁ፤ አልደብቃችሁም።

እናንተ ስለ ብዙ ነገር ስትቆጡ አይቻችኋለሁ። ማይክራፎኑ ሲጮህ ትቆጣላችሁ። ስብከቱ ሲረዝም ትቆጣላችሁ። መኪናችሁ የሚቆምበት ቦታ ሲያዝ ትቆጣላችሁ። ስለጠፋ ሰው የተቆጣችሁት መቼ ነው? «ምን ሆነህ ቀረህ? እንዴት እንደዚህ ታደርገናለህ?» ብላችሁ የሰው በር ላይ የጮኻችሁት መቼ ነው? ዝምታችሁን ትዕግሥት ትሉታላችሁ። ጨዋነት ትሉታላችሁ። ሰው አላስቸግርም ትላላችሁ። ውሸት ነው። ግዴለሽነት ነው። ሁመድ እምነቱ ከእኛ ሌላ ነው፤ ተረኛም አልነበረም። ለማያውቃት፣ ለዋሸችው ሴት ከዳገቱ ሥር ጀምሮ እየተቆጣ ወጣ። እኛ ወንድሞች እህቶች እየተባባልን እንዘምራለን።

ብቻውን ገደል የሚገባው አዝመራ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከዚህ ጉባኤ ወጥቶ «ማንም አያስፈልገኝም» የሚል ሰው አለ። ቤቱ ከዚህ ሁለት ፌርማታ ነው።

ስልካችሁን አውጡ። በስብከት መካከል ስልክ የሚያወጣ ሰው ሲያናድደኝ ኖሯል፤ ዛሬ አውጡ። ከቀረ የቆየ አንድ ሰው ፈልጉ። ስትደውሉለት በደስታ የሚቀበላችሁ እንዳይመስላችሁ። ሊቆጣችሁ ይችላል። ያጠራቀመውን ሁሉ ሊያወርድባችሁ ይችላል። ስሙት። አትከላከሉ። እሱ እስኪጨርስ ድረስ አትዝጉ።

እኔም አንድ ስም አለኝ። ጋሽ ኦላና። ከግንቦት ጀምሮ አላየኋቸውም፤ አልጠየቅኋቸውምም። እረኛችሁ ነኝ እያልኩ ስምንት ወር እዚህ ቆሜ ሰብኬያለሁ። ከእናንተ ይልቅ የተቆጣሁት በራሴ ነው።

ስለዚህ አሁን ከዚህ ወርጄ ውጭ ልወጣ ነው። መዝሙር አትጀምሩ፤ ቡራኬም አትጠብቁ። ጋሽ ኦላና ስልኩን ካነሡልኝ፣ የሚሉኝን ሁሉ ሰምቼ እመለሳለሁ። ካላነሡልኝ ቤታቸው እሄዳለሁ፤ ዛሬ አትጠብቁኝ።