ሆድ ውስጥ የተቀመጠ ማስረጃ

አንድ ጊዜ፣ ወንዙ ሁሉ ነጥፎ ዓሣ እንኳ አቧራ ለብሶ በእግሩ ይሄድ በነበረበት ድርቅ (አትሳቁ!)፣ አንዲት አህያ ውሃ ፍለጋ ድንበር ተሻግራ ወደ አንበሳ ጫካ ገባች። ገና አንድ ጉንጭ ሳትጎነጭ የጫካው ዘበኛ አያ ጅቦ ማጅራቷን አንቆ ያዛት።

«ቁሚ! የንጉሥ አንበሳን በግ የበላሽው አንቺ ነሽ!»

«እኔ? ሣር በል እኮ ነኝ፣ ጌታዬ!»

«የዚህ ጫካ ልጅ አይደለሽም፤ ስለዚህ በልተሻል!»

እየጎተተ ዳኛዋ ቀበሮ ፊት አቆማት። እመት ቀበሮ የጅቦን አፍ አየት አደረገችና «በጥርስህ መሃል ያለው የበግ ጠጉር ምንድን ነው?» አለችው።

«ማስረጃ ነው እመቤቴ፤ እንዳይጠፋ በጥርሴ ይዤው ነው።»

ቀበሮ ነገሩ ወዲያው ገብቷታል። ግን የበጉ ላት ለእሷም ደርሷት ነበርና ጉሮሮዋን ጠረግ አድርጋ «ምርመራው ይቀጥል» አለች።

«እሺ፣ በዋስ ልውጣ» አለች አህያ። «ውርንጭላዬን ማዶ ጥዬው ነው የመጣሁት፤ በውሃ ጥም ይሞትብኛል!»

«ዋስሽ የጫካው ተወላጅ መሆን አለበት» አለች ቀበሮ።

አህያ ወደ ተሰበሰበው እንስሳ ዞረች። «እታለም ላም፣ አንቺም እናት ነሽ፤ ዋስ ሁኚኝ!»

ላም ዝንቧን በጭራዋ እሽ አለች። «እኔን ምን አገባኝ፣ እህቴ? እንዲያው በከንቱ የሚታሰር የለም፤ አንድ ነገር ብታደርጊ ነው።»

አህያ ጉድጓድ ተጣለች። በቀጠሮዋ ቀን ስትቀርብ አንድ ጆሮ የላትም።

«ጆሮዋስ?» አለች ቀበሮ።

«ኤግዚቢት ነው፤ ሆዴ ውስጥ በጥንቃቄ ተቀምጧል። ምርመራዬ ስላላለቀ ተጨማሪ ቀን ይሰጠኝ።»

«ተሰጥቷል።»

በሚቀጥለው ቀጠሮ ጭራዋ የለም፤ ከዚያ ደግሞ ጭኗ። የጅቦ ሆድ ተራራ አክሎ፣ ሲያገሳ ዋርካ ከነሥሩ ይነቀል ጀመር። ተጨማሪ ቀን ጠየቀ፤ ተሰጠው። ደግሞ ጠየቀ፤ ደግሞ ተሰጠው!

በመጨረሻ ቀበሮ ፍርድ ሰጠች። «አህያ በግ እንደማትበላ ተረጋግጧል። ነጻ ናት፤ ትለቀቅ!»

ጅቦ ኮቴዎቿን አምጥቶ ዳኛዋ ፊት ዘረገፈ። ከማዶ የውርንጭላው ጩኸት ከቆመ ሰንብቷል።

«እመቤቴ» አለ ጅቦ ከንፈሩን እየላሰ፣ «እንግዲያው በጉን የበላው ገና አልተያዘም ማለት ነው።» ዓይኑ ላም ላይ አረፈ።

«እኔ እኮ እዚሁ ነው የተወለድኩት!» ብላ ጮኸች ላም። እንስሳው ሁሉ መሬት መሬቱን ያያል።

ከዚህ የምንማረው፣ ባዕድ ያለ ጥፋቱ ሲታሰር ዝም ብሎ ያየ አገሬ ባይ ሁሉ ጅብን በገዛ ደጁ ላይ ዘበኛ አድርጎ እንደ ቀጠረ ነው።